ከምርመራ ክፍል እስከ ችሎት፦ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የወንጀል ፍትሕን ሲለውጥ የጤና ባለሙያው ድርሻ

የወንጀል ፍትሕ ሥርዓት ሲነሣ አስቀድመው ወደ አእምሮ የሚመጡት ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃና ዳኛ ናቸው። ይሁን እንጂ በሰው አካል ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉን አይቶ የሚለካውና ያየውን በጽሑፍ የሚያሰፍረው የጤና ባለሙያው ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ በዱላ ተደብድቦ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ፣ በደጀን መንገድ ላይ በተሽከርካሪ የተገጨ መንገደኛ፣ በእናቷ ተደግፋ ደብረ ማርቆስ የደረሰች ልጃገረድ፣ ሁሉም ወደ ችሎት ከመድረሳቸው በፊት በምርመራ ክፍል ያልፋሉ።

ባለፉት ሃያ ዓመታት በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ነገር ተለውጧል። ሞባይል ስልክ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ የጥሪው ዝርዝርም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ኮምፒዩተር የፍርድ ቤት መዝገብንም የሕሙማንን ካርድም ይይዛል። ምስክር በሌላ ከተማ ሆኖ በቪዲዮ ሊሰማ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ለውጦች በጤና ባለሙያው የዕለት ሥራ ላይ ምን አዲስ ኃላፊነት እንዳስከተሉ ማስረዳት ነው። ቴክኖሎጂው ማስረጃን ያፈጥናል፣ ያባዛል፣ ለረጅም ጊዜም ያቆያል። በመጀመሪያው ሰዓት ያልታየውንና ያልተለካውን ግን አይተካም፤ በስህተት የተጻፈውንም አያርምም። እንዲያውም ስህተቱን ፈጥኖ ሩቅ ያደርሰዋል።

ከቃል ወደ መዝገብ

በቀድሞው ዘመን በሀገሪቱ ደጋማ ክፍሎች ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር፣ የአካባቢው ሕዝብ በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። ሌባ ሻይ በሚባለው ሥርዓት ደግሞ የሚያሰክር መጠጥ የተሰጠው ልጅ ተንገዳግዶ የገባበት ቤት ባለቤት በሌብነት ይጠየቅ ነበር። የሁለቱም ጉድለት አንድ ነው፤ የተባለው ነገር እውነት መሆኑን መልሶ ለመመርመር የሚያስችል ነገር አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሐኪሙን ወደዚህ ሥራ በግልጽ አስገብቶታል። የሕጉ አንቀጽ 34 መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተከሳሹ በተመዘገበ ሐኪም እንዲመረመር፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰፍር ለማድረግ ያስችለዋል። ተበዳዩ የሚመረመረው ግን በራሱ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን መስጠት የማይችል ከሆነ የወላጁ ወይም የአሳዳሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ፈቃድ ዛሬ ቁስሉን ከማየት አልፎ ፎቶግራፍ ማንሣትንና መረጃውን በኮምፒዩተር መያዝን ስለሚነካ፣ ለእያንዳንዱ ለይቶ መጠየቅና ማስፈር ተገቢ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አስቦ የሚፈጸም ከባድ የአካል ጉዳትን በአንቀጽ 555፣ ቀላሉን ደግሞ በአንቀጽ 556 ለይቶ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው አንቀጽ ጥፋተኛ የተባለ ሰው እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ሊጠብቀው ሲችል፣ የሁለተኛው ቅጣት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ጉዳቱ በየትኛው አንቀጽ ይወድቃል የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ለውሳኔው መነሻ የሚሆነው ግን የጤና ባለሙያው መግለጫ ነው። «ጭንቅላቱ ላይ ቁስል አለው» የሚል ማስረጃና «ከግራ ጆሮ በላይ 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጠርዙ የተፈረካከሰ ቁስል፤ በሥሩ ያለው የራስ ቅል አጥንት ወደ ውስጥ ሰርጉዷል» የሚል ማስረጃ ስለ አንድ ሰው ቢጻፉም በችሎት እኩል አይናገሩም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ኮምፒዩተር በዚህ ላይ የጨመረው ውርሱ ለብዙ ወራሽ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ማድረጉን ነው።

ፕላዝማ ችሎትና ምስክርነት

በ1990ዎቹ አጋማሽ መዘርጋት የጀመረው ወረዳኔት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይትና በመስመር ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ፍርድ ቤቶች በዚህ መሠረተ ልማት ተጠቅመው በሕዝቡ አነጋገር «ፕላዝማ» የተባለውን የቪዲዮ ችሎት ጀመሩ። ስያሜው በዚያው ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይሰጥበት ከነበረው የቴሌቪዥን ዓይነት የተወሰደ ነው።

የዚህን ጥቅም ለመረዳት ርቀቱን ማሰብ ይበቃል። የአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባሕር ዳር ነው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ለመድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝና የዓባይን በረሃ መሻገር ያስፈልጋል። ባለጉዳይ እርሻውን ትቶ፣ ስንቁን ቋጥሮና አልጋ ተከራይቶ ይሄድ የነበረበት ቀጠሮ ባለበት ዞን በሚገኝ ስክሪን ፊት ሲሰማለት ወጪውና እንግልቱ ይቀንሳል።

ለጤና ባለሙያውም እንዲሁ ነው። የወንጀል ክስ ለምስክርነት በሚደርስበት ጊዜ ማስረጃውን የጻፈው ወጣት ሐኪም ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛውሮ ወይም ለስፔሻሊቲ ትምህርት ሄዶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በቀድሞው አሠራር ሐኪሙ ባለመቅረቡ ቀጠሮ ይተላለፋል፤ ተጎጂው ይሰላቻል፤ ተጠርጣሪውም ያለ ውሳኔ ታስሮ ይቆያል። የቪዲዮ ምስክርነት ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል።

ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሹ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው። ይህ መብት በስክሪንም ቢሆን ሙሉ ሆኖ መጠበቅ ይኖርበታል። ስለዚህ የሚመሰክረው ባለሙያ የካርዱን ግልባጭ ከፊቱ አስቀምጦ፣ ድምፁ መቆራረጡን ሲያውቅ ንግግሩን ደግሞ፣ የሕክምና ቃላትንም በአማርኛ ተርጉሞ ሊያስረዳ ይገባል። ራጅ በስክሪን ላይ በግልጽ ካልታየ «ከዚህ እንደምታዩት» ከማለት ይልቅ የትኛው አጥንት፣ በየትኛው በኩል፣ እንዴት እንደተሰበረ በቃል መግለጽ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ማስረጃው ጸሐፊው በሌለበት ራሱን ችሎ እንዲናገር ሆኖ መጻፍ አለበት።

ሁለት ሰዓት፣ ሁለት የቀን አቆጣጠር

በሀገራችን የተለየ ትኩረት የሚሻ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ኮምፒዩተሩና ስልኩ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ይመዘግባሉ፤ ተረኛው ነርስ ወይም ሐኪም ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ግንቦት 3 ማታ የተደበደበ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጤና ጣቢያ ደረሰ እንበል። ሕዝቡ ይህን «ለግንቦት 4 አጥቢያ» ይለዋል። ተረኛው ግን ሌሊቱ ገና የግንቦት 3 ስለሆነ በካርዱ ላይ «ግንቦት 3፣ 7፡30» ብሎ ይጽፋል። የቁስሉ ፎቶግራፍ የተነሣበት ስልክ ደግሞ ሜይ 12፣ 1፡30 ብሎ ይመዘግባል። በፈረንጅ አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚገባው እኩለ ሌሊት ላይ በመሆኑ ሜይ 12 ሲመለስ ግንቦት 4 ይሆናል። 1፡30 የሚለውንም አንባቢው ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል አድርጎ ቢረዳው የስድስት ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። በካርዱ ላይ ያለው 7፡30 በበኩሉ የቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በዚያ ሌሊት ሌላ ቦታ እንደነበርኩ የሚያስረዱ ምስክሮች አሉኝ ለሚል ተከሳሽ ይህ ልዩነት ነጻ የሚወጣበት ወይም የሚፈረድበት ነጥብ ሊሆን ይችላል። ተጎጂውም ያለ ጥፋቱ እንደ ሐሰተኛ ሊቆጠር ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ግንቦት 3 ለ4 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ፣ ከቁጥሩ ጋር ሁልጊዜ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ወይም ጧት ማለትን ማከል፣ የተቋሙን ኮምፒዩተሮች ሰዓትና ቀን በየጊዜው ማመሳከር ይበቃል። ጉዳቱ ደረሰ የተባለበት፣ ታካሚው የደረሰበት፣ የተመረመረበትና ማስረጃው የተጻፈበት ጊዜ አራት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለየብቻ ሊሰፍሩ ይገባል።

የቁስል ፎቶግራፍ

ጥሩ ፎቶግራፍ ቃል የማይደርስበትን ያሳያል። ለማስረጃነት እንዲበቃ ግን ቢያንስ ሁለት ምስል ያስፈልጋል፦ አንዱ ቁስሉ በየትኛው የአካል ክፍል እንዳለ ከርቀት የሚያሳይ፣ ሌላው መለኪያ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ከቅርብ የተነሣ። በምስሉ ውስጥ ከስም ይልቅ የካርድ ቁጥር ቢገባ ምስጢርን ለመጠበቅ ይረዳል። ፎቶግራፍ ጽሑፍን አይተካም፤ የቆዳ መበለዝ ቀለምም በመብራቱና በስልኩ ዓይነት ስለሚለዋወጥ ከምስል ተነሥቶ «የሁለት ቀን ጉዳት ነው» ብሎ መፍረድ አይቻልም። በዓይን አይቶም ቢሆን ከቀለም ብቻ የመበለዝን ዕድሜ በትክክል መናገር አስተማማኝ አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ በፍርድ ቤት ተቀባይነት የሚያገኝበትን ሁኔታ ደንግጓል። የአዋጁ መንፈስ የቀረበው ነገር ሳይለወጥ መቆየቱን ማስረዳት ይኖርባችኋል የሚል ነው። አንድ ምስል በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል፤ መቼና በምን ስልክ እንደተነሣ የሚገልጸው ድብቅ መረጃም ይጠፋል። በመሆኑም ዋናው ምስል በተቋሙ ኮምፒዩተር ሳይነካ ተቀምጦ፣ ማን እንዳነሣው፣ ማን እንደተረከበውና ለማን ግልባጭ እንደተሰጠ በፊርማ መመዝገብ አለበት። ደም የነካው ልብስ ታሽጎ በፊርማ እንደሚተላለፍ ሁሉ ምስልም እንዲሁ ነው።

ዕድሜን ማስረዳት

በወንጀል ሕጉ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ የሚዳኘው በተለየ ሥርዓት ነው። በሕፃናት ላይ በሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃትም የተጎጂዋ ዕድሜ ከ13 ዓመት በታች መሆን አለመሆኑ የሚጠቀሰውን አንቀጽና የቅጣቱን መጠን ይለውጣል። ይህን ያህል ክብደት ያለው ጥያቄ በገጠር ለረጅም ጊዜ ሲመለስ የኖረው በእናት ትዝታ ወይም በሐኪም ግምት ነበር። የእጅ አንጓ ራጅ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ስለዚህ «14 ዓመት ይሆናታል» የተባለች ልጅ በእውነቱ 12 ልትሆን ትችላለች።

በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በጤና ተቋም ለተወለደ ልጅ የልደት ማሳወቂያ የሚሰጠው የጤና ባለሙያው ነው። አዋላጅ ነርሷ ዛሬ በጥንቃቄ የምትሞላው ወረቀት ከአሥር ዓመት በኋላ አንዲትን ሕፃን ወይም አንድን ታዳጊ የሚጠብቅ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ዕድሜን በምርመራ መገመት ግድ ሲሆንም ከአንድ ቁጥር ይልቅ የግምቱን ወሰን መጻፍ ለእውነት የቀረበ ነው።

ኮምፒዩተሩ የጻፈው ሁሉ እውነት አይደለም

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ ሁለት ገጽታ አለው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ጄፍሪስ እ.ኤ.አ. በ1984 የዲ.ኤን.ኤ. መለያን ካገኙ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ዘዴው በሌስተርሻየር በተፈጸመ የሁለት ልጃገረዶች ግድያ ምርመራ ላይ ዋለ። በመጀመሪያ ያረጋገጠው የአንዱን ግድያ በቃሉ ያመነ ወጣት ወንጀሉን አለመፈጸሙን ነበር። እውነተኛው ጥፋተኛ የተፈረደበት በ1988 ነው።

በዚያው ሀገር የፖስታ ቤት ቅርንጫፎች ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሥርዓት ከገባላቸው ከ1999 አንሥቶ እስከ 2015 ድረስ፣ ኮምፒዩተሩ ያሳየውን የገንዘብ ጉድለት መነሻ በማድረግ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብን በማዛባት ጥፋተኛ ተባሉ። ሥርዓቱ ስህተት እንደነበረበት ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ2019 ነው፤ በ2024 ደግሞ ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ ወጣ። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት የመሣሪያው ዘመናዊነት አይደለም። በአንደኛው የሰው ቃል በምርመራ ተፈተነ፤ በሁለተኛው የመሣሪያው ቃል ሳይፈተን ታመነ።

በሕክምና ተቋም ውስጥም ተመሳሳይ አደጋ አለ። በኮምፒዩተር የተዘጋጀ የማስረጃ ቅጽ ሥራ ያቃልላል፤ ነገር ግን የቀድሞውን ታካሚ ውጤት ገልብጦ ስም ብቻ መለወጥ የግራውን እጅ የቀኝ ያደርጋል። የቆየ ቅጽ የቆየ ስህተትንም ይዞ ይዘልቃል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው «ድንግል ናት፣ አይደለችም» የሚለው ሐረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቆም ጠይቀዋል። በአካል ላይ ጉዳት አለመታየቱም ጥቃት አለመፈጸሙን አያረጋግጥም። ይህ ዓረፍተ ነገር በቅጹ ውስጥ ቢካተት ብዙ ተጎጂዎችን ከተሳሳተ ፍርድ ይታደጋል።

የይለፍ ቃልን መዋዋስም ሌላው አደጋ ነው። በባልደረባው ስም የገባ ባለሙያ የጻፈው ሁሉ የባልደረባው ሆኖ ይመዘገባል፤ ችሎት ፊት የሚጠራውም ስሙ የተገኘው ሰው ነው። ስህተት ሲገኝም በወረቀት ላይ በአንድ መስመር ሰርዞ እንደሚፈረም ሁሉ፣ በኮምፒዩተርም የቀድሞው ሳይጠፋ ማረሚያው ከነምክንያቱና ከነቀኑ መጨመር አለበት።

ምስጢር

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሐኪምን፣ ነርስንና አዋላጅን ጨምሮ በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል። የታካሚው ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ግልጽ ትእዛዝ ሲኖር ግን መግለጽ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚሹት ወገን መድቦታል።

በአንድ አነስተኛ ከተማ ስምን መሸፈን ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። በአንገት ላይ ያለ ንቅሳት፣ የማተብ ክር፣ የቀሚስ ጥልፍ፣ የመጣችበት ቀበሌ ስም፣ ከእነዚህ አንዱ ተጎጂዋን ለሚያውቃት ሁሉ ይገልጣታል። ለምክክር በሚል በባለሙያዎች የቴሌግራም ቡድን የተለጠፈ ምስል ከዚያ ወጥቶ ገበያ ቢደርስ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። እንዲህ ያለው ነገር ሲሰማ ሌላዋ ተጎጂ ወደ ጤና ተቋም አትመጣም። በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር የሚገባውን የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒትም፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያንም፣ ማስረጃውንም ታጣለች። ፖሊስም ቢሆን መረጃ ሊሰጠው የሚገባው በሕጋዊ ደብዳቤ ሲጠይቅና በተቋሙ መዝገብ ላይ ሲፈርም ነው፤ ከግል ስልክ ወደ ግል ስልክ መላክ አይገባም።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቆሰለው ሰው ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ማስረጃ ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት መሣሪያው ይበልጥ የሚታጣበት ሁኔታ አለ ማለት ነው። ስለሆነም ኤሌክትሮኒክ መዝገብ በገባበት ተቋምም የወረቀት ቅጽ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው መዝገብና የሚቆለፍ ሣጥን ሊቀሩ አይገባም። መስመሩ ሲመለስ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የተገለበጠው መረጃ የተገለበጠበት ቀን ተለይቶ መጻፍ፣ ዋናው ወረቀትም ተጠብቆ መቆየት አለበት።

በየወሩ ወደ ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የሚላከው ሪፖርትም የግለሰብን ካርድ እንደማይተካ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሪፖርቱ በወሩ ስንት ሰው ጉዳት ደርሶበት እንደታከመ ይነግራል፤ በየትኛው ሰው ላይ ምን እንደተገኘ የሚነግረው ግን ካርዱ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በጤና ባለሙያውና በችሎቱ መካከል የነበረውን ርቀት አሳጥሮታል። ይህ ለተጎጂውም፣ በስህተት ለተጠረጠረውም ተስፋ ነው። የጤና ባለሙያው የማናቸውም ወገን ጠበቃ ስላልሆነ ያየውን ያህል መጻፍ፣ ያላየውን መተው፣ ከተጎጂው የሰማውንም «እንደ ተነገረኝ» ብሎ ለይቶ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ሕክምናው ይቀድማል፤ ደም ሳይቆም ፎቶግራፍ አይነሣም። ከዚያ በኋላ ግን ልኬቱን፣ ሰዓቱን ከነአጥቢያው፣ ፈቃዱንና ፊርማውን ለማስፈር የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ ጥቂት ደቂቃ የተነፈገው ማስረጃ ኋላ በየትኛውም ስክሪን ቢታይ ሊሞላ አይችልም።